«በመጠበቅ ላይ ነው» ያለን ማሽን

እኔ ቁጡ ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ይህን ይመሰክራል። እናቴ «ይቺ ልጅ ስትወለድም እየተቆጣች ነው የወጣች» ትላለች። ስለዚህ ይህን ገጠመኝ በረጋ መንፈስ ትተርክልኛለች ብሎ የተቀመጠ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ። ዓመታት አልፈዋል፤ ንዴቱ ግን ዛሬም ትኩስ ነው። እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ደብረ ታቦር በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ሥራችን የገጠር ጤና ጣቢያዎች አምቡላንስ የሚጠሩበትን ፕሮግራም መሥራት ነው። በየጤና ጣቢያው ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም የተጫነባቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ተቀምጠዋል። ነርሷ አንድ ቁልፍ ትጫናለች፤ ጥያቄው በሞባይል ኔትወርክ ሄዶ ደብረ ታቦር ያለው ማዕከላችን ይደርሳል፤ ማዕከሉም «ደርሶኛል፣ መኪና ልኬያለሁ» ብሎ ይመልሳል። ነገሩ በቃ ይኸው ነው።

በሁለቱ ኮምፒውተሮች መካከል የሚዘረጋውን መስመር በእኛ ሙያ ሶኬት እንለዋለን። ግድግዳ ላይ ያለውን የመብራት ሶኬት ማለቴ አይደለም። ይህ ሶኬት አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ኔትወርኩ መሃል ላይ ቢቆረጥ ወዲህ ያለው ማሽን አያውቅም። መልስ ይመጣል ብሎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው «ይህን ያህል ጠብቅ፤ ከዚያ ወዲያ ተስፋ ቁረጥና ለሰው ንገር» ብሎ ገደብ ያበጅለታል። ታይምአውት የምንለው ይህን ገደብ ነው። እኔ ግማሽ ደቂቃ ሰጠሁት። ግማሽ ደቂቃ ካለፈ ስክሪኑ ላይ በቀይ «መልስ የለም። ጥያቄው አልደረሰም። አሁኑኑ በስልክ ይደውሉ» የሚል ይወጣል። ነርሶቹ በስህተት እንዳይነኩትም ገደቡ ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም የጻፍነው ወደ ማሽኑ ቋንቋ ሲገለበጥ፣ አብሮ እንዲቆለፍ አደረግሁ። ለመለወጥ የግድ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ያስፈልጋል።

ፕሮግራሙን ለመመረቅ ከክልል እንግዶች መጡ። የክፍላችን ኃላፊ አቶ ፈንታሁን አዲስ ሱፍ ለብሶ ቆሟል። አዳራሹ ውስጥ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ እንግዶቹ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ስክሪኑም በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይታያል። አቶ ፈንታሁን ቁልፉን ተጫነ። በዚያች ቅጽበት ኔትወርኩ ሄደ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ፕሮግራሙ ልክ እንዳዘዝሁት ግማሽ ደቂቃ ጠበቀና ያንን ቀይ ጽሑፍ በግድግዳው ሙሉ ወለል አድርጎ አወጣው። የሠራሁት ነገር በክፉ ቀን ሲሠራ ማየት ለእኔ ምርቃት ነበር። አቶ ፈንታሁን ግን ፊቱ በርበሬ መሰለ።

እንግዶቹ እንደወጡ ቢሮው አስጠራኝ።

«አንቺ ልጅ! በእንግዳ ፊት ‹የለም› የሚል ማሽን ሠርተሽ ታዋርጅኛለሽ?»

«ኔትወርኩ ስለሌለ ነው የለም ያለው፣ አቶ ፈንታሁን።»

«ባይኖርስ! እንግዳ ቤትሽ ሲመጣ መሶብሽ ባዶ ቢሆን ‹ባዶ ነው› ብለሽ ትከፍችለታለሽ? እኛ አገር መርዶ እንኳ በወግ ነው የሚነገረው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ንጋት ይጠበቃል፣ ቀስ ተብሎ ይነገራል። ያንቺ ማሽን ግን በቀይ ቀለም፣ ፊት ለፊት፣ ‹አልደረሰም!› ነውር አይደለም?»

«ይሄ እኮ መርዶ አይደለም። መርዶ እንዳይመጣ የሚነገር ነው።»

«አለዝቢው። ‹በመጠበቅ ላይ ነው፤ በትዕግሥት ይጠብቁ› ይበል። ጨዋ ነገር።»

«አላደርገውም» አልሁት።

ለጥቂት ቀናት አኮረፈኝ። ከዚያ ጠርቶ «እሺ፣ እንዳልሽው ይሁን፤ ተይው» አለኝ። ትልቅ ሰው ነው ብዬ አመንሁት። ፕሮግራሙን በየጤና ጣቢያው እየዞረ እንዲጭን ታደለ የሚባለውን የሥራ ባልደረባዬን መደበው። ታደለ እጁ ፈጣን፣ አንደበቱ ቁጥብ ልጅ ነው፤ ከአቶ ፈንታሁን ፊት ሲቆም ደግሞ ጭራሽ ድምፁ ይጠፋል። እኔ ሌላ ሥራ ተሰጠኝና ነገሩን ረሳሁት።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቅዳሜ ማታ የእህቴ ባል ምናለ ደወለልኝ። «ሰብለን ምጥ ጀምሯታል፤ ጤና ጣቢያ አስገብተናታል» አለኝ። ሰብለ ታናሽ እህቴ ናት። ጉና ግርጌ ገብስ ከሚያርስ ቤት ተድራ ነው የምትኖረው፤ ይህ የመጀመሪያ ልጇ ነው። እሑድ በማለዳ ተነሥቼ ወደ መናኸሪያ ሄድሁ። በመንገዴ በማዕከላችን በር ሳልፍ የአምቡላንሱ ሹፌር መኪናውን ሲያጥብ አየሁት።

«እንዴት አደርህ? ዛሬ ሰላም ነው?» አልሁት።

«ሰላም ነው መሲ። የጠራን የለም» አለኝ፤ ጎማውን እየፈተገ።

ተመስገን ብዬ አለፍሁ። ይቺን ነገር አስቡልኝ፤ ተመስገን ብዬ አለፍሁ።

ሚኒባሱ አስፋልቱ ዳር አወረደኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጭቃ ነው፤ በዳገቱ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ጤና ጣቢያው ግቢ ስደርስ እልልታ ተቀበለኝ። የምናለ ዘመዶች ገንፎ ይዘው መጥተው ከበው ይበላሉ። «ወንድ ነው! ወንድ ነው!» አሉኝ። ምናለ ቅቤ በነካ እጁ አቀፈኝ። አባቱ ቄስ አድማሱ መስቀላቸውን አሳለሙኝ። እኔም እየሳቅሁ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያልሁ ወደ ማዋለጃው ክፍል ገባሁ።

የሰብለ ከንፈር ነጭ ሆኗል።

«እቴ፣ መጣሽ?» አለችኝ። ድምፇ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «በርዶኛል።»

ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረግሁት። ከሥሯ ያለው ሁሉ ደም ነው። አዋላጇ ነርስ ዝናሽ በሁለት እጇ ሆዷን እየተጫነች ታሻለች፤ ላቡ ከግንባሯ ይንጠባጠባል።

«መርፌውን ወግቻታለሁ፤ ግሉኮስ ሰክቼላታለሁ፤ ማድረግ የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ። አልቆም አለኝ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ውጭ ያሉት ያውቃሉ?»

«እንዳይደነግጡ ብዬ አልነገርኋቸውም። አይዞሽ፣ አምቡላንስ ጠርቻለሁ፤ ይመጣል።»

«መቼ ነው የጠራሽው?»

«ገና ጎህ ሲቀድ። ልጁ እንደወጣ ደሙ ሲበዛብኝ ወዲያው ነው የጠየቅሁት።»

ጎህ ሲቀድ! እኔ ሹፌሩን ያየሁት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። መኪናውን ሲያጥብ ነው ያየሁት። ሮጬ ኮምፒውተሩ ወዳለበት ክፍል ገባሁ።

ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትሽከረከራለች። ከሥሯ «በመጠበቅ ላይ ነው። በትዕግሥት ይጠብቁ» ይላል። ቀይ ነገር የለም። «ይደውሉ» የለም። ፕሮግራሙ የእኔ ነው፤ ቃሉ ግን የአቶ ፈንታሁን ነው። ጎን ያለውን የኔትወርክ ዕቃ አየሁት፤ መብራቱ ጠፍቷል። ጥያቄው ከዚያች ክፍል ወጥቶ አያውቅም። እህቴ ከጎህ ጀምሮ ደሟ እየፈሰሰ የጠበቀችው ያልሄደ ጥያቄ ነው።

«ዝናሽ!» ብዬ ጮኽሁ። «ለምን አልደወልሽም?»

እጇን ከሰብለ ሆድ ላይ ሳታነሣ በሩ በኩል መለሰችልኝ። «ሥልጠና ላይ ‹ማሽኑ በመጠበቅ ላይ ነው ካለ አትደውሉ፤ መስመር ታጨናንቃላችሁ› አሉን! ደግሞ እምቢ አላለኝም እኮ! አልደረሰም አላለኝም! እየጠበቀ ነው አለኝ፤ ጠበቅሁ!» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እጇ ግን ሥራውን አላቆመም።

ስልኬን አወጣሁ። የኮምፒውተሩ መስመር ቢጠፋም የድምፅ ጥሪ ይሠራል። ሹፌሩ ወዲያው አነሣ።

«ከጉና በኩል ጥያቄ ደርሷችኋል?»

«ኧረ ምንም የለም። ምነው?»

«እህቴ እየሞተችብኝ ነው! ተነሥ!»

ሞተሩ ሲነሣ በስልኩ ውስጥ ሰማሁት። በዚያች ቀን የተባለውን ወዲያው ያደረገ ማሽን እሱ ብቻ ነው።

ወደ ግቢው ወጥቼ እውነቱን ተናገርሁ። «ሰብለ ደም እየፈሰሳት ነው። ነርሷ ጎህ ሲቀድ የጠራችው አምቡላንስ ጥሪው አልደረሰውም። አሁን ነው የተነሣው።» እልልታው ድርግም አለ። ምናለ የያዘው ገንፎ ከእጁ ወደቀ። ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ቄስ አድማሱ ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ ተረጋጊ። ትዕግሥት ነው ዋናው። የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» አሉኝ።

«ወልዳለች እኮ አባ! ወልዳ ነው የምትደማው! ከዚህ በላይ ምኑን ትታገሥልዎ?»

ለካህን፣ ያውም ለትልቅ ሰው፣ እንዲህ ተብሎ አይመለስም። ግቢው ሁሉ አፉን ይዞ አየኝ። ቄስ አድማሱ ግን አልተቆጡም። «መኪናው ይሄን ጭቃ ይወጣዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይወጣውም፣ አባ። ቢወጣም ብዙ ይቆያል።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጎበዛዝቱ ዞሩ። «ምን ያስቆማችኋል? ቃሬዛ አምጡ! መኪናው እዚህ እስኪደርስ አንጠብቅም፤ አስፋልቱ ድረስ እኛ እናወርዳታለን!»

ቃሬዛው መጣ። ሰብለን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አስተኛናት። ጎበዛዝቱ እየተቀባበሉ በዚያ ዳገት ቁልቁል ወረዱ። አንዱ ሲያዳልጠው ሌላው ይገባለታል። ዝናሽ ከጎን እየሮጠች ግሉኮሱን ከፍ አድርጋ ይዛለች። ምናለ «ሰብልዬ፣ እንዳትተኚ፤ አውሪኝ» ይላታል፤ እሷ ግን መልስ መስጠት ትታለች። ቄስ አድማሱ ከኋላ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ ይከተላሉ። ሕፃኑን አማቷ ታቅፋዋለች። እኔ ባዶ እግሬን ነበርሁ፤ ድንጋዩ ሲቆርጠኝ እንኳ አልተሰማኝም። በልቤ አንድ ስም ብቻ ነበር የማመላልሰው፤ የጸሎት ስም ግን አልነበረም።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ አምቡላንሱ እየጮኸ ከኩርባው ብቅ አለ።

ሰብለ አልሞተችም። ደብረ ታቦር ሆስፒታል እንደደረሰች ደም ተሰጥቷት ቀዶ ጥገና ገባች። ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ እኔንና ምናለን ወደ ጎን አወጣን። «ተርፋለች። ደሙ ግን በሌላ መንገድ ሊቆም አልቻለም፤ ማህፀኗን አውጥተነዋል። ትንሽ ቀደም ብላ ብትደርስ ምናልባት ይተርፍ ነበር» አለን። ምናለ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራትቶ ተቀመጠ። እኔ አላለቀስሁም። ንዴት እንባን ያደርቃል፤ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ በቀጥታ ታደለ ጠረጴዛ ጋ ሄድሁ።

«ገደቡን ምን አደረግኸው?»

ዐይኑን አላነሣም። «ዜሮ አድርጌ ኮምፓይል አደረግሁት። አቶ ፈንታሁን ‹ዜሮ ከሆነ ጭራሽ አይጠብቅም ማለት ነው፤ ቶሎ ይሠራል› አለኝ።»

«አንተስ? አንተ ዜሮ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም?»

«አውቃለሁ» አለ በቀጭን ድምፅ። «እሱ ሲናገር ማረም ከበደኝ።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በሊኑክስ የሶኬት ገደብ ላይ ዜሮ ብትጽፉ «አትጠብቅ» ማለት አይደለም። «ገደብ የለህም፤ እስከ ዘለዓለም ጠብቅ» ማለት ነው። አለቃው አያውቅም፣ ግን አይጠይቅም። በታቹ ያለው ያውቃል፣ ግን አይናገርም። በሁለቱ ጨዋነት መሃል የእህቴ ደም ፈሰሰ።

አቶ ፈንታሁን ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። ወሬው ደርሶታል።

«እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች አሉ!» አለኝ ከወንበሩ ተነሥቶ።

«ተይው ብለውኝ አልነበረም?»

«አንቺን ላለማስቀየም ነዋ። አሁን ነገሩን አናካብደው። የኔትወርክ ችግር ነው፤ ኔትወርክ ደግሞ በማንም እጅ አይደለም።»

«ኔትወርኩ በማንም እጅ አይደለም። ዜሮው ግን በእርስዎ እጅ ነው!»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

አልቀነስሁም። ከቢሮው ወጥቼ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጥሁ። ያቺን አንድ መስመር ከፍቼ ዜሮውን አጠፋሁና ግማሽ ደቂቃዬን መለስሁ፤ ቀዩንም ጽሑፍ መለስሁ። ኮምፓይል አደረግሁት። ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ያያል፤ አቶ ፈንታሁንም በሩ ላይ ቆሟል። የኔትወርኩን ገመድ ነቀልሁና ቁልፉን ተጫንሁ። ግማሽ ደቂቃው ሞላ፤ ቀዩ ጽሑፍ ወጣ።

«ያለ እኔ ፈቃድ አንድም ጤና ጣቢያ አይጫንም» አለ አቶ ፈንታሁን።

«እሺ» አልሁና የጠረጴዛ ስልኩን አነሣሁ። የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ ጋ ደወልሁ። «ጤና ይስጥልኝ፤ ከደብረ ታቦር ነው። አምቡላንስ የምትጠሩበት ማሽን ‹በመጠበቅ ላይ ነው› ካላችሁ ውሸቱን ነው፤ አትመኑት። በስልክ ደውሉ።» ዘጋሁና ወደሚቀጥለው ደወልሁ። እሱ ቆሞ እያየኝ፣ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንድ በአንድ ቀጠልሁ። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ አስፈራራኝ። ታደለ ብድግ ብሎ ሌላኛውን ስልክ አንሥቶ ከጤና ጣቢያዎቹ ዝርዝር ታች በኩል መደወል ሲጀምር ግን ፊቱ ተለወጠ። ከምሳ በፊት «በቃ፣ ጫኑት» ብሎ በሩን ዘጋ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቀኝም። ቢሮ ውስጥ ከዚያ ቀን ጀምሮ «መርዶ ነጋሪዋ» የሚል ስም ወጣልኝ። ተቀብዬዋለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፈው ኮምፒውተር ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም። ጨዋነታችንን እወደዋለሁ፤ ያሳደገኝም እሱ ነው። ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት እኮ የእኛው አባቶች ናቸው! ክፉ ወሬ ማዘግየት የሚያምረው የሞተውን ማዳን በማይቻልበት ቦታ ብቻ ነው። ገና መዳን በሚችል ሰው ላይ ማዘግየት ግን ምን እንደሚባል እናንተው ስም አውጡለት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ፕሮግራም ስሠራ መጀመሪያ የምጽፈው ሲበላሽ ለሰው የሚናገረውን ቃል ነው። ሲሳካ የሚለውን በኋላ እደርስበታለሁ።

የዚያን ሳምንት ግን ገና አላበቃሁም ነበር።

ማክሰኞ ሆስፒታል ስሄድ የሰብለ ክፍል በጠያቂ ተሞልቷል። አንዲት ሴትዮ ግንባሯን ስማ «ለከርሞ ደግሞ ሴት ያድርግልሽ» አለቻት። ሰብለ «አሜን» አለች። ሌላዋም ደገመችው፤ አሁንም «አሜን።» አማቷ እጄን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ።

«መሠረት፣ አደራሽን። ማህፀኗ መውጣቱን እንዳትነግሪያት። አራስ ናት፣ ልቧ ይሰበራል። እስከ ክርስትናው ይቆይ ብለን ተማክረናል። ምናለም እሺ ብሏል።»

«እስከ ክርስትናው ድረስ ‹ሴት ያድርግልሽ› ስትባል አሜን ትበል?»

«ምን ይደረግ ልጄ? ቀስ ብሎ ነው እንጂ።»

ክፉ ሴት አይደለችም። ያን ሁሉ መንገድ ሕፃኑን ታቅፋ የሮጠችው እሷ ናት። ግን ደሜ ፈላ። ተመልሼ ገባሁና ጠያቂዎቹን በሙሉ «ይቅርታ፣ ውጡልኝ» አልኋቸው። እያጉረመረሙ ወጡ። በሩን ዘግቼ፣ ሕፃኑ ጥግ ባለው አልጋ እንደተኛ፣ የሰብለ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ።

«ሰብለ፣ ደሙ አልቆም ስላለ ማህፀንሽን አውጥተውታል። ከእንግዲህ አትወልጂም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ገደልኋት እንዴ ብዬ ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«አውቄዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ነርሶቹ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። ምናለ ሲገባ ዐይኑን ይሰብርብኛል። ‹ሴት ያድርግልሽ› ሲሉኝ አሜን የምለው ማን ደፍሮ እንደሚነግረኝ ልይ ብዬ ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ዛሬ ዝም ብለሽኝ ብትወጪ ኖሮ፣ ሁለተኛ እህቴ ብዬ አልጠራሽም ነበር።»

ከዚያ አለቀሰች። እኔም ከእሑድ ጀምሮ እምቢ ያለኝ እንባ ያኔ መጣ። ሁለታችንም ድምፃችንን ሳንቀንስ አለቀስን፤ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሰምተው በሩን ያንኳኳሉ፣ እኛ አንከፍትም። ሲወጣላት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና እጇን ዘረጋች።

«ልጁን አቀብይኝ» አለችኝ። «ርቦታል።»